የለገሠ ንዝረት

መዝገቡ «አንዲት የጽዳት ሠራተኛ» ነው የሚላት። ስሟ የለም። የአባቷ ስም የለም። በዚያ ቀን የሠራችው ሥራም የለም።

ከቅጂዎች ቤት የመጣውን ደብዳቤ ያነበበችላት ጎረቤቷ ሙና ነበረች። ትርሲት ፊደል አልቆጠረችም። ሙና አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ ሳታያት ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችና የምትጠብሰውን ሳምቡሳ ወደ መገልበጧ ተመለሰች።

«ድገሚው» አለች ትርሲት።

«ምኑን ልድገመው? ሰምተሽዋል።»

«ድገሚው አልኩሽ አቦ!»

ሙና ዘይት የነካ ጣቷን በሽርጧ ጠረገችና ደገመችው። «ቅጂ ቁጥር ዐሥራ አራት፣ በተለምዶ የለገሠ ንዝረት የሚባለው። የተቀዳበት ቦታ ድሬዳዋ። የተቀዳበት ቀን ግንቦት ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ ሃምሳ ሁለት። በቦታው የነበሩ፤ ኢንጂነር ቃለአብ ምሕረቱ፣ ቀጂ። ሁለት ረዳቶች። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ።»

«ጽዳቷ እኔ ነኝ?»

«ሌላ ሴት ነበረች እንዴ?»

«ድመቷ ነበረች።»

«እንግዲያው ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ ድመቷ።»

ትርሲት አልሳቀችም። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ የሞተችባት በስምንት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ለገሠ ልጁን የሚያስቀምጥበት ቦታ ቢያጣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የጥገና ሱቁ አምጥቶ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጣት። እዚያው ቀረች። ሌሎች ልጆች ሀ ሁ ሲሉ እሷ የተቃጠለ ሽቦ በሽታው ትለይ ነበር። የአባቷ ዐይን ሲደክም የሽቦ መበየጃውን ካውያ እሷ ያዘች። ሽቦ ስትጠመጥም ዙሩን የምትቆጥረው በባቄላ ነበር፤ ዐሥር ዙር፣ አንድ ባቄላ። በሕይወቷ አንድም ዙር አሳስታ አታውቅም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ሞተው አልቀዋል።

ደብዳቤው ሌላም ነገር ይዟል። የቅጂ ቁጥር ዐሥራ አራት ዋና የሆነው አምፕሊፋየር በመጪው ሐሙስ ከቅጂው ጋር ይመሳከራል፤ መመሳሰሉ ከመቶ ዘጠና ካልደረሰ ሐሰተኛ ዋና ተብሎ ይከሰከሳል ይላል።

አምፕሊፋየሯ በንጉሡ ዘመን በጅቡቲ በኩል በባቡር የገባች፣ በደረቷ ስድስት የመስታወት አምፖሎች ያሏት፣ ከባድ የእንጨት ሣጥን ናት። የባቡር ሠራተኞች ባንድ ጊታር በእሷ ነበር የሚጮኸው። ባንዱ ሲበተን ለገሠ በሁለት ዓመት የጥገና ሥራው ፈንታ ተቀበላት። ከእሱ የቀረ ሌላ ነገር የለም፤ ሱቁ ፈርሷል፣ ፎቶውን ምስጥ በልቶታል። ትርሲት ጊታር መጫወት አትችልም። ጊታር መፈተሽ ግን ትችላለች፤ ሦስት ክር የቀረው አሮጌ ጊታር ይዛ በየቅዳሜው አንዷን ክር ትመታለች፣ ድምፁ እስኪጠፋ ታዳምጣለች፣ «ደህና ነሽ» ትላለች፣ ታጠፋታለች። ያ ብቻ ነው።

ቅጂው ሌላ ነገር ነው። ቅጂውን አገር ያውቀዋል። ሙሽራ ሲገባ ይጫወታል። ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ ይጫወታል። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ይፈተኑበታል። ድምፁ ይነሣል፣ ትንሽ ዘመም ይላል፣ ከዚያ በባቡር ሐዲድ ላይ እንደሚርገበገብ የቀትር ወበቅ ይንቀጠቀጣል። ያን መንቀጥቀጥ ነው የለገሠ ንዝረት የሚሉት። ትርሲት በሰማችው ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች። እሷ የምትሰማው በሽታ ነው።

የመቅዳቱን ዕለት ታስታውሳለች። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች የመረጡት ቀትርን ነው፤ ድሬ በሯን ዘግታ የምታርፍበት፣ መንገዱ ጸጥ የሚልበት ሰዓት። ያን ቀን የአንዷ አምፖል ሶኬት ላልቶ ነበር። «ዛሬ አሟታል፤ ነገ ኑ» አለቻቸው። ቃለአብ የሚባለው ወጣት ሰዓቱን አየ። «ባቡራችን በዐሥር ሰዓት ነው እማማ፤ እንዲሁ ያዟትና እንቅዳ» አለ። ቀዱ፣ ሄዱ። ያኑ ዕለት ማታ ሶኬቱን ቀየረችላት። የታመመ ዕቃ ሳይድን አያድርም፣ ሳይድንም ለባለቤቱ አይመለስም፤ ለገሠ ያስተማራት ሕግ ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የታመመችው በአገሩ ሁሉ ትዘፍናለች። የዳነችው ቤት ተቀምጣ ሐሰተኛ ልትባል ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት ድሬ እንደ ወትሮው ራሷን ለመምሰል ተነሣች።

በየግቢው ሰዎች ቅጂያቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ደግመው ይላሉ። «ዳቦ። አራት።» «ዳቦ። አራት።» ማንም ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው ድምፁን ፈቅዶ ያስቀዳል፤ ከዚያ በኋላ የዳቦው መስኮትም፣ የክሊኒኩም፣ የቀበሌውም የሚያውቀው ያን ድምፅ ነው። ስለዚህ ሰው ጉሮሮውን በዝንጅብል አሙቆ፣ ወደ አርባ ዓመቱ ተመልሶ ነው ከቤት የሚወጣው። በግንቡ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ ሞክረው ሞክረው ትተውታል፤ ዳቦ የምታመጣላቸው ልጃቸው ናት። የራሳቸው ቤት በርም አንዳንድ ቀን እምቢ ይላቸዋል፤ ያን ጊዜ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

ሙና በደንብ ትለማመዳለች። ዘጠና ሦስት ከመቶ ታመጣለች። ትርሲት ተለማምዳ አታውቅም፤ ዳቦዋን የምታመጣላት ሙና ናት።

«ዛሬ እንኳ ብትለማመጂ ምን ነበረበት?» አለች ሙና በአርባ ዓመቷ ድምፅ። ከዳቦ ቤት መመለሷ ስለነበር ገና አልወጣላትም።

«ማንን ልምሰል?»

«ራስሽን ነዋ።»

«ራሴ ይቺው እዚህ ተቀምጣለች። ከፈለገች ቅጂዋ ትምሰለኝ። ደግሞ ድምፅሽን መልሺ፤ ከማላውቃት ኮረዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል።»

ሙና ጉሮሮዋን ጠረገችና ሰባ ዓመቷን መልሳ ለበሰች። ሁለቱ ተጋግዘው አምፕሊፋየሯን በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ባጃጅ መጣ። ትርሲት ሣጥኗን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በቦርሳው ውስጥ ካውያ፣ መበየጃ ሊድ፣ ፒንሳና እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ካቻቢቴ ነበሩ።

የቅጂዎች ቤት ድሮ የባቡር ማደሻ የነበረው ትልቁ አዳራሽ ነው። ከበሩ አጠገብ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሰው የለም።

«ስምዎን ይናገሩ» አለ መስኮቱ።

«ትርሲት ለገሠ።»

«ሃምሳ ስምንት ከመቶ። እባክዎ እንደ ራስዎ ይናገሩ።»

«ትርሲት ለገሠ!»

«ሃምሳ አንድ ከመቶ። እባክዎ እንደ ራስዎ ይናገሩ።»

«እንደ ራሴማ ብናገርህ መስታወትህ ይረግፍ ነበር» አለች።

ዘበኛው መጣ። ስም ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደና መጨረሻው ላይ ቆመ። «ጽዳት ነሽ እንዴ እናቴ? ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ? የጽዳት በር በዚያ በኩል ነው። ለጽዳት ድምፅ አያስፈልግም።»

ሙና ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ የትርሲትን ፊት አይታለችና። እሷ በዋናው በር በዘጠና ሦስቷ መግባት ትችል ነበር። አልገባችም። የሣጥኑን አንድ ጫፍ ከባጃጁ ነጂ ጋር ተሸክማ፣ በመወልወያዎችና በባልዲዎች መካከል ጓደኛዋን ተከተለች።

*

አዳራሹ ለመሣሪያዎቹ ሲባል በረዶ ሆኗል። መሀል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ጊታርና ጊታሩን የሚመታ የብረት ክንድ። በግራ በኩል የተዘጋ ሰፊ በር አለ፤ ሥሩ ላይ የእንጨት ፍርፋሪና የተሰባበረ መስታወት ተጠርጎ ተከምሯል። እስካሁን አርባ ዋናዎች ተመሳክረው ሠላሳ አንዱ በዚያ በር ገብተዋል። የአንድ ክራር ጅማት ተቀይሮ ተገኘ፤ ገባ። አንድ ፒያኖ ባለቤቱ አስተካክሎት ተገኘ፤ ገባ።

ቃለአብ እጁን ዘርግቶ መጣ። አሁን የቅጂዎች ቤት ኃላፊ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል። የቅጂዎች ቤት ሰዎች ግን አርባ ሳይጠብቁ፣ ሲቀጠሩ ነው ድምፃቸውን የሚያስቀዱት፤ ሲናገር ያ የሃያ ሰባት ዓመቱ ጎረምሳ ነው የሚናገረው። ድምፁ አላረጀም። ያረጀው ፊቱ ብቻ ነው።

«እማማ! እንኳን ደህና መጡ። ያስታውሱኛል?»

«አንተስ ታስታውሰኛለህ?»

ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች ተያዩ። ኃላፊውን አንተ ያለው ሰው ከመጣ ቆይቷል። ትርሲት የድሬ ልጅ ናት፤ በድሬ አንቱታ ለእንግዳ ማባረሪያ ነው። ደግሞም አንቱ የሚሏትን ሰዎች ታውቃቸዋለች፤ አንቱ ብለው ሲያበቁ የሚረግጡበትን አያዩም።

«እንዴት እረሳዎታለሁ! የሎሚ ጭማቂ ሰጥተውን ነበር።»

«ጽዳቷ እኔ ነኝ?»

ፈገግ አለ። «ኧረ እማማ፣ እሱን ልብዎ ውስጥ አያስገቡት። የመዝገብ ቋንቋ ነው፣ ምድብ ነው።»

«ሌላስ ምን ምድብ ነበረህ?»

«ቀጂ፣ ረዳት፣ ባለቤት፣ ጽዳት።»

«ባለቤት አለ እኮ።»

«ባለቤት ለመባል ፊርማ ያስፈልጋል። እርስዎ ደግሞ…» ብሎ በጨዋ ሰው ደንብ ዝም አለ።

«ጣት ነበረኝ» አለች ትርሲት።

መለኪያው ላይ የተቀመጠችው ሶልያና የምትባል ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ዐይኗ ከቁጥሩ አይነሣም። «እንጀምር?» አለች። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ቅጂው ተሰማ። ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እንደ ጸሎት። ድምፁ ተነሣ፣ ዘመም አለ፣ ተንቀጠቀጠ። አንዷ ሠራተኛ ዐይኗን ጠረገች።

ቀጥሎ ዋናዋ። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ፍም መሰሉ። የብረቱ ክንድ ክሩን መታ። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ከእንጨት ወለል ሥር የሚወጣ የሚመስል ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ ሳይወላገድ ወጣ፣ ሳይወላገድ ጠፋ። ትርሲት ሳታስበው «ደህና ነሽ» አለች።

«ሰባ አንድ» አለች ሶልያና። «አይመስልም።»

ቃለአብ ራሱን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። እኔም ፈርቼ ነበር። ዕቃው አርጅቷል፣ ነፍሱ ወጥታለች።»

«የማን ነፍስ ነው የወጣችው? አንተ፣ ያን ቀን አሟት ነበር! ሶኬቷ ላልቷል፣ ነገ ኑ ብዬህ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ነገር በመዝገቡ ላይ የለም እማማ።»

«በመዝገቡ ላይ እኔም የለሁም። ይኸው ግን ፊትህ ቆሜያለሁ።»

«እማማ» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ዝቅ ብሎ፣ «ንዝረቱ ብልሽት አይደለም። ያ የለገሠ መንፈስ ነው። እኔ በእሱ ላይ አራት መቶ ገጽ ጽፌያለሁ። በሦስት አገር ይማሩበታል።»

«ስለ ላላ ሶኬት አራት መቶ ገጽ?» አለች ሙና።

ትርሲት ወደ ሶልያና ዞረች። ከዚህ ሰው ጋር የምታወራው አልቆ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ በደንባችሁ ላይ ለባለቤቱ የተጻፈ ምንም የለም?»

ሶልያና አነበበች። «ባለይዞታው ዋናውን ለማስተካከል አንድ ሰዓት ይፈቀድለታል።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያደረገው ሰው ግን የለም» አለች።

«ሰዓትሽን ቁጠሪ።»

አምፕሊፋየሯን አጠፋች፣ ብርድ ልብሱን ወለል ላይ አነጠፈች፣ ተንበረከከች፣ የሣጥኑን ጀርባ በካቻቢቴ ፈታች። ቃለአብ ለማየት ጎንበስ ሲል የካቻቢቴውን ጫፍ ውስጥ ከተተችው፤ ሰማያዊ ብልጭታ «ጧ!» አለ። ሰውየው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ወደዚያ በል። ስለጠፋች የሞተች መሰለህ? ኮረንቲው በሆዷ አለ፤ ከጠፋችም በኋላ ትናከሳለች።»

«እንደ ባለቤቷ» አለች ሙና።

ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከላይኛው እንጨት ላይ፣ በክር የተንጠለጠሉ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። የተሰነጠቀ አምፖል። የተቃጠለ ሽቦ። የደረቀ ስፒከር ቁራጭ። የእነ ትርሲት ቤት ልማድ ነው፤ ከታመመ ዕቃ የወለቀው ክፉ አካል አይጣልም፣ ታስሮ እዚያው ይንጠለጠላል፣ ቀጣዩ ጠጋኝ ምን አግኝቷት እንደነበር እንዲያውቅ። ከለገሠ እጅ የታሰሩት ክራቸው ጥቁር ነው። የእሷ ቀይ ነው። ትርሲት የጻፈችው መዝገብ ይኼ ነው፤ አንድም ስም ከውስጡ ጎድሎ አያውቅም።

ከቀዮቹ አንዱን ፈታች። የላላው ሶኬት።

ካውያው እስኪግል ጠበቀች። ሰባ ዓመት ስትጠግን ኖራ፣ ጤነኛ ዕቃ ለማሳመም ካውያ ስታሞቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደህናውን ሶኬት ነቀለች። የሊዱ ጭስ በቀዝቃዛው አየር ቀጥ ብሎ ወጣ። የታመመውን መልሳ በየሽቦው አሰረች። እጇ አልሳተም። «ይቅር በይኝ» አለቻት፣ ማንም ሳይሰማ።

አበሯት። ክንዱ ክሩን መታ። ድምፁ ወጣና ሻከረ፣ ተቆራረጠ፣ ትንፋሽ አጠረው።

«ሰማንያ ሦስት» አለች ሶልያና። «ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይቀራል።»

ሰማንያ ሦስት። በሽታው ያው ነው፣ ሶኬቱ ያው ነው፣ አምፖሏም ያችው ናት። የጎደለው ምንድን ነው? ትርሲት በጉልበቷ እንዳለች ቀኝ እጇን አየች። በአውራ ጣቷ ሆድ ላይ የሳንቲም ግማሽ የምታህል የሚያንጸባርቅ ጠባሳ አለች። ጠባሳዋን ያገኘችው መቼ ነበር?

ከጭንቅላቷ በፊት እጇ አስታወሰ። ያዟት፣ ብሎ ነበር ቃለአብ። ያዘች። የሻሿን ጫፍ በአምፖሏ ላይ ጠቅልላ፣ ወደ ሶኬቷ ወደ ታች ተጭና፣ እነሱ ደጋግመው ሲቀዱ ሃያ ደቂቃ ያዘቻት። መስታወቱ ሻሹን አልፎ ጣቷን እየጠበሳት። በንዴት ክንዷ እየተንቀጠቀጠ።

የሻሿን ጫፍ ሳበች። ጠቀለለች። ተጫነች።

«ምቺው» አለች።

ክንዱ ክሩን ሳያቋርጥ ደጋግሞ ይመታ ጀመር። ድምፁ ተነሣ። ዘመም አለ። ተንቀጠቀጠ።

«ሰማንያ ስምንት» አለች ሶልያና። ከወንበሯ ተነሣች። «ዘጠና ሁለት። ዘጠና ሰባት። ዘጠና ሰባት ነው!»

አዳራሹ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ብቻ ቀረ። ያ ድምፅ ስድስተኛ ክፍል የሚፈተኑበት፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ሰው የሚያባብሉበት፣ አንገት የሚደፉለት ድምፅ ነው። የለገሠ መንፈስ። የተናደደች ሴት አውራ ጣት ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአገሩ ሙሽራ ሁሉ በእሷ እጅ ላይ ሲረማመድ ኖሯል፤ ከሠርጉ አንዱም «ግቢ» ብሎ አልጠራትም። ትርሲት መጀመሪያ የተሰማት ኩራት አልነበረም። ኪሱ የተዳበሰ ሰው የሚሰማው ነው።

«ኢንጂነር» አለች ሶልያና። ፊቷ ገርጥቷል። «ይኼ የሰው አካል ነው። የሰው አካል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቀዳም። መለኪያው መዝግቦታል፤ አይጠፋም። ዛሬ ፈቃድ ካልተገኘ ቅጂው በገዛ እጁ ይሰረዛል።»

«አውቃለሁ» አለ ቃለአብ።

ከትርሲት አጠገብ መጥቶ ተንበረከከ። ሲናገር ያ ጎረምሳ ድምፅ ከላዩ ወልቆ ነበር፤ የደከመ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ድምፅ ነው የወጣው። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አስጠጋላት።

«እማማ፣ ግራ እጅዎን፣ አንድ ጣት ብቻ እዚህ ላይ። በቃ። የአባትዎ አምፕሊፋየር አልፋለች፤ ዛሬውኑ ይዘዋት ይገባሉ። ማንም አይነካብዎትም።»

«ሶኬቷን ልመልስላት?»

«እሱማ… እንዲሁ ይታሸጋል። በየዓመቱ ማመሳከሪያ ሲደርስ መጥተው ይይዙልናል።»

«ታማ ትኑር ነው የምትለኝ።»

«መስላ ትኑር ነው የምልዎት።»

«ስሜስ?»

«ምድቡን መቀየር ከባድ ነው። ግን ከጽዳት ቀጥሎ አጋዥ አካል የሚል አስጨምርልዎታለሁ።»

«ስሞትስ ማን ይይዛታል?»

«ከዚያ በፊት እጅዎን እንቀዳዋለን» አለ። የሚያጽናናት መስሎት ነበር።

ሙና ቀረብ አለች። የምትናገረው ለጓደኛዋ ብቻ ነው። «ፈርሚና እንሂድ ትርሲቴ። የአባትሽ ናት። ያ በር አይታይሽም?»

ትርሲት በሩን አየችው። ሥሩ የተጠረገውን መስታወትም አየች። ወደ ሣጥኑ ውስጥ ስትመለከት ጥቁሮቹና ቀዮቹ ክሮች በድምፁ ይርገበገባሉ፤ ከቀዮቹ አንዱ ባዶውን ነው፣ የያዘው ሁሉ ተመልሶ ከደረቷ ውስጥ ገብቷል። የታመመ ዕቃ ሳይድን ለባለቤቱ አይመለስም። ባለቤቷ ራሷ ብትሆንስ? ለገሠ ከባለቤት ባለቤት አይለይም ነበር።

እጇን አነሣች። ድምፁ ተንኮታኩቶ ወደቀ።

«ሰማንያ ሦስት» አለች ሶልያና። «ከዘጠና በታች አምስት ደቂቃ ከቆየ ማመሳከሩ ይዘጋል። ዋናው ይከሰከሳል፣ ቅጂውም…»

«እማማ ምን እያደረጉ ነው!»

«ወደ ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ስማኝ ቃለአብ። ሰሌዳህን አንሣና ሌላ ሰሌዳ አምጣ። ያቺ ልጅ ትጻፍ፣ አንተ ተናገር፣ ሙና ታነብልኛለች። አንዲት ቃል ብታጎድል እሰማለሁ። ‹ያን ዕለት አሟት ነበር። የለገሠ ልጅ ትርሲት፣ ጠጋኟ፣ ነገ ኑ አለችኝ። አልሰማኋትም። ያዥ አልኳት፣ ያዘች፣ ተቃጠለች፣ ጽዳት ብዬ ጻፍኳት።› ይኼ ይጻፍ። ከዚያ ደህናውን ሶኬቷን እመልስላታለሁ። ከዚያ አንተ ተቀምጠህ፣ ባቡር አለኝ ሳትል፣ ጤነኛዋን ትቀዳታለህ። የእኔን እጅ ከሰው ሠርግ ላይ ታነሣልኛለህ፤ አልሰጠኋችሁም።»

«ይኼ ሁሉ በአምስት ደቂቃ አይሆንም!»

«አራት» አለች ሶልያና። ዐይኗ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩ ላይ አልነበረም፤ ባዶ ሰሌዳ ከፍታ ጣቷን አዘጋጅታ ነበር።

«ቁጥርህ ከዘጠና በላይ እንዲቆይልህ ትፈልጋለህ አይደል?» ትርሲት ሻሿን ከራሷ ፈታ የተጠበሰውን ጫፍ ወደ እሱ ዘረጋች። ሽበቷ በበረዶው አዳራሽ ውስጥ ተበተነ። «እንካ። በዚህ ጠቅልላት። አውራ ጣትህን ከላይ አድርግና ወደ ታች ተጫን። ይፈጃል፤ እንዳትለቃት። እየተናገርህ፣ ያዝ።»